በክብሪት ሳጥን ውስጥ ሦስት ንቦች

ጅማ አጠገብ ካለችው ከየቡ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቀው መንደር፣ አብዱልሰመድ አባ ዲጋን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሰውየው ክብሪት በእጁ አይነካም። እሳት መለኮስ ሲያስፈልግ ሚስቱን መድናን ይጠራል። መድና ገበያ ከወጣች ከጎረቤት ፍም ያስመጣል። ነገሩን የማያውቅ እንግዳ ይስቃል። የሚያውቅ አይስቅም፤ የዚያን ዓርብ የሆነውን ያስታውሳልና።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። አባቱ አባ ዲጋ በረጃጅም የቀረሮ ዛፎች ላይ ቀፎ እየሰቀሉ ማር የሚያወርዱ ሰው ነበሩ። እኒህ ሰው በሌላ ቤት የማይታይ አንድ ልማድ ነበራቸው። በየዓመቱ የቡና አበባ ሊፈነዳ ሲል፣ ገና ዛፍ ላይ ሳይወጡ፣ ሦስት ንብ ይይዙና አንድ በአንድ በግራ እጃቸው አንጓ ላይ ያስነድፋሉ።

«ሰላምታ ነው» ይሉት ነበር ልጃቸውን። «ዓመቱን ሙሉ ቤታቸውን ልትዘርፍ ነው። መጀመሪያ ሰላም በላቸው። ሰውነትህም እነማን እንደሆኑ እንዳይረሳ።»

አብዱልሰመድ ይህን ሰላምታ የጀመረው በሰባት ዓመቱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት እጁ እስከ ክርኑ አበጠ፤ አለቀሰም። በሦስተኛው ዓመት ቀይ ነጥብ ብቻ ቀረ። ጎልማሳ ሲሆን ያችም ቀረች። ንብ ሲነድፈው እሾኩን በጥፍሩ ፋቅ ያደርግና ወሬውን ይቀጥላል። አባቱ ከሞቱ በኋላም ሰላምታውን አንድም ዓመት አላስታጎለ።

በ1969 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ግን መንደሩ ለሚሊሺያ ሰው እንዲያወጣ ታዘዘና የአብዱልሰመድ ስም ተጠራ። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ኦጋዴን ዘመተ። ጥይት በጆሮ ግንዱ ሥር ሲያልፍ ሰማ፤ አብሮት ውሃ የተጎነጨ ሰው ጽዋውን ሳያስቀምጥ ሲወድቅ አየ። ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በ1972 ጥር፣ ትከሻው ላይ ጠባሳ ይዞ ተመለሰ። ያን ሁሉ ጊዜ አንድም ንብ አልነደፈውም።

ቀፎዎቹን የጠበቀለት አብሮ አደጉ ዳባ ነው። ዳባ የቀኝ እጁን የቃታ ጣት መጥረቢያ ስለቆረጠው ሚሊሺያ አልወሰደውም።

«ያኔ ጣቴን ብዬ ሦስት ቀን አለቀስኩ» አለው ሲገናኙ፣ አቅፎ ትከሻውን እየደበደበ። «አንተን ሲወስዱህ ግን ያ ጣት የተቀበረበት ቦታ ሄጄ አመሰገንኩት። ና፣ ቀፎህን እይ፤ አንዱንም አላስበላሁብህም።»

የካቲት ላይ ዝናብ ጣል አደረገና የቡናው አበባ በአንድ ጊዜ ነጭ ሆነ። አብዱልሰመድ ቸኮለ። ሰላምታውን ነገ አደርሳለሁ ብሎ ከዳባ ጋር ወደ ጫካው ወረደ። ገና ከዛፉ ሥር ሆኖ ሲያንጋጥጥ አንዲት ንብ ማጅራቱን ነደፈችው። እሾኩን ፋቀና ስለ ሐረር ገበያ የጀመረውን ጨዋታ ቀጠለ።

መጀመሪያ መዳፎቹን አሳከከው። ከዚያ የእግሩን ውስጥ። ንቧ የነደፈችው ማጅራቱን ነበር፤ መዳፉን ምን አገባው? ሸሚዙን ገለጥ ሲያደርግ ሆዱ ሳማ እንደለበለበው ሁሉ ጉብጉብ ብሏል። ከንፈሩ ወፈረ፤ ምላሱ አፉ ውስጥ ቦታ ያጣ መሰለው። ዛፉን ተደግፎ አስመለሰው። ዳባ አይቶት ሳቀ፣ ወዲያው ግን ሳቁን ተወ።

«ያ ነማ፣ አንተ ሰው፣ ፊትህ እኮ የሌላ ሰው ሆነ!»

ከሁለት ሰዓት በኋላ ማሳከኩም እብጠቱም ጠፋ። የሰማው መንደርተኛ አልተደነቀም፤ መድና ወተት አጠጣችው፣ ጎረቤቶች ዓይን ነው አሉ። አብዱልሰመድ ግን በልቡ ሌላ ነገር ያዘ። ሰላምታውን ዘለልኩ፤ ሦስት ዓመት ጠፍቼ መጥቼ ቤታቸው ሥር እንደ ሌባ ቆምኩ። ሰውነቴ ረስቷቸዋል። ማስታወስ አለብኝ።

ይህን ካሰበ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን ቆየ። ለምን እንደቆየ ለራሱም አልተናገረም። ጠዋት ከቤት ሲወጣ በየቡናው ሥር የሚያጉረመርመው የንብ ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ የጭነት መኪና ይመስለውና ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንድ ቀን ዝንብ ጆሮው ሥር ስታልፍ የያዘውን ዶማ ጥሎ ሁለት እርምጃ ሮጠ። ዳባ ከማዶ አየው።

«ሶማሌ ያላስሮጠህ ሰውዬ! ዝንብ አስሮጠችህ?»

አብዱልሰመድ ሳቀ። ዶማውን ለማንሣት ግን ዝንቧ እስክትርቅ ጠበቀ። ያን ቀን ማታ ለመድና «ዓርብ ከጁምዓ መልስ የአባቴን ሰላምታ አደርሳለሁ» አላት።

«ማሎ፣ የለጢፋ አባት፣ ይቅርብህ» አለች። ለጢፋ ሴት ልጃቸው ናት፤ ያኔ ጅማ አክስቷ ዘንድ ሆና ትማር ነበር። «ማር ያልበላ ሰው ሞቶ ያውቃል?»

«ማሩ አይደለም። በገዛ ጓሮዬ እንደ ባዕድ መኖር አልችልም።»

ዓርብ ዕለት የክብሪቱን እንጨቶች ምድጃው አጠገብ ደፋና ባዶውን ሳጥን ይዞ ወጣ። ዘግይቶ ከፈነዳ የቡና አበባ ላይ ሦስት ንብ በቅጠል እየሸፈነ ያዘና ሳጥኑ ውስጥ ከተታቸው፤ ዘግቶ የደረት ኪሱ ውስጥ ጨመረው። ወደ ቤት ሲመለስ ሳጥኑ ደረቱ ላይ ሲርገበገብ ይሰማው ነበር። የሚርገበገበው ልቡ ይሁን ወይስ ሳጥኑ፣ መለየት አቃተው።

ከቤቱ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሳጥኑን በጣም ጥቂት ከፈት አድርጎ የመጀመሪያዋን በክንፏ ያዘና አንጓው ላይ አስቀመጣት። ነደፈችው። ሳጥኑን ዘግቶ መልሶ ኪሱ ከተተ። ሁለተኛዋን ከማውጣቱ በፊት እንደ አባቱ ሠላሳ ሊቆጥር አሰበ።

አሥራ አንድ ላይ መዳፉ ጀመረው። አሥራ አምስት ላይ አንድ ነገር መጣ፤ ማሳከክ ያልሆነ፣ ሕመምም ያልሆነ። እሞታለሁ የሚል ነገር ነው። ሐሳብ አልነበረም፤ ማንም ሳይነግረው፣ ገና ምንም ሳይሆን፣ አጥንቱ ድረስ ያወቀው ነገር ነበር። ጂጂጋ አጠገብ ጉድጓድ ውስጥ ተጋድሞ መድፍ ሲወርድበት እንኳ እንዲህ አላወቀም። መድናን ሊጠራ አፉን ከፈተ። የወጣው ድምፅ ቀጭን ፉጨት ነበር። እንጥሉ አብጦ ጉሮሮውን እንደ ውታፍ ይዘጋው ጀመር። ሊነሳ ሲል መሬቱ ዘንበል አለና ፊቱን መታው።

መድና ያገኘችው እዚያ ነው። ፊቱ ከማበጡ የተነሣ ዓይኖቹ መስመር ብቻ ሆነው ነበር፤ ከንፈሩ የእንጆሪ ጭማቂ የተቀባ ይመስል ጠቁሯል። ጩኸቷን ሰምቶ ዳባ እየሮጠ መጣ። ሁለቱ ተሸክመው መኪና መንገድ አወጡት። አላህ ሲያዝን ቡና የጫነ መኪና ወደ የቡ እየወረደ ነበርና ጆንያው ላይ አጋደሙት። አብዱልሰመድ ሁሉንም ይሰማል። የመድናን ዱዓ ይሰማል፤ ሾፌሩ ከፊት «አለ? አለ?» እያለ ሲጮህ ይሰማል። አየር ግን በመርፌ ቀዳዳ እንደሚገባ ክር ነበር፤ አንዴ ይገባል፣ አንዴ ይስታል።

በየቡ ክሊኒክ ያለው ጤና ረዳት ፍስሐ የሚባል ከሸዋ የመጣ ወጣት ነው። ባላገሩ ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ እሱም ማስተካከሉን ሰልችቶ ትቶታል። አንድ ጊዜ አየው።

«ምን ነካው?»

«ንብ!» አለ ዳባ፣ አንጓው ላይ የቀረውን እሾክ እያሳየ።

ፍስሐ ሌላ አልጠየቀም። ከመደርደሪያው ትንሽ ብልቃጥ ሰብሮ መድኃኒቱን ሳበና ጭኑ ላይ ወጋው። እግሮቹን በጆንያ ከፍ አስደረገ። ሰዓቱን እያየ፣ የእጁን ደም ሥር እየዳሰሰ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ክሩ ገመድ ሆነ። አየሩ እየጎረበጠም ቢሆን ገባ። የአብዱልሰመድ ልብ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር። አለሁ፣ አለ በልቡ።

ያኔ ነው ድምፁን የሰማው።

መጀመሪያ ጆሮዬ ነው ብሎ አሰበ። ድምፁ ይቆማል፣ ይቀጥላል። ይቆማል፣ ይቀጥላል። ከሩቅ አልነበረም። ከራሱ ደረት ነበር የሚመጣው።

ሳጥኑ! ሁለቱ ንቦች ኪሱ ውስጥ ናቸው።

ሊናገር ሞከረ፤ ያበጠው ምላሱ አልታዘዘም። እጁን ወደ ደረቱ ወሰደ። መድና ይህን ስታይ የሚሞት ሰው ልቡን ሲይዝ መሰላትና «ሸሃዳ በል፣ የለጢፋ አባት፣ ሸሃዳ በል» እያለች ታለቅስ ገባች። እሱ ራሱን ይነቀንቃል፤ እሷ እያየችው ይብሱን ታለቅሳለች። ፍስሐ ደግሞ የልብ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ጎንበስ አለና፣ ሸሚዙን ሳይከፍት፣ ልክ ኪሱ ላይ አሳረፈው።

ፊቱ ተለወጠ። ማዳመጫውን አንስቶ እንደገና አሳረፈው። በሕክምና ሕይወቱ እንዲህ ያለ ልብ ሰምቶ አያውቅም።

ኪሱ ውስጥ እጁን ሰደደና ሳጥኑን አወጣ። «ክብሪት?» አለ፣ ጆሮው አጠገብ አድርጎ። አውራ ጣቱ የሳጥኑን መሳቢያ ሊገፋ ሲል የአብዱልሰመድ ዓይኖች በእብጠቱ ውስጥ ፈጠጡ። የአባ ዲጋን ልማድ ከመድና ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው በክፍሉ ውስጥ ነበር።

«አትክፈተው!» ብሎ ዳባ ጮኸና ሳጥኑን ከፍስሐ እጅ ነጥቆ ወደ ውጭ ሮጠ።

ሁሉም ተነፈሱ። መድናም ዕንባዋን ጠረገች። ግን ዳባ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ውስጡ አንድ ብቻ ናት» አለ ቀስ ብሎ። «መሳቢያው ቀድሞም ትንሽ ተከፍቶ ነበር። አብዱ፣ ስንት ነበሩ?»

አብዱልሰመድ ሁለት ጣቱን አነሣ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ፍስሐ በመደርደሪያው ላይ የቀረውን አየ፤ ሌላ ብልቃጥ አልነበረም። «እንዳይነቃነቁ» አለው ለአብዱልሰመድ በሹክሹክታ። «ጨርሶ እንዳይነቃነቁ።» የሸሚዙን ቁልፍ አንድ በአንድ፣ ፈንጂ እንደሚያከሽፍ ሰው፣ ይፈታ ጀመር። አብዱልሰመድ ጣሪያውን ያያል። አንድ ቀላል ነገር የአንገትጌውን ጫፍ አልፎ ወደ አንገቱ እየሄደ ነው። ስድስቱም እግሮች ይሰሙታል። ያች ንብ ከአንድ የቡና አበባ አትከብድም። እሱ ግን ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ የከበደ ነገር ተጭኖት አያውቅም።

መድና አየቻት። አላማከረችም፣ አልጮኸችም። «ቢስሚላህ» ብላ ባዶ እጇን ሰደደችና ንቧን ከአንገቱ ላይ በጡጫዋ ጨበጠቻት። ፊቷ ጭምድድ ሲል ሁሉም አዩ። ጡጫዋን ሳትከፍት በሩን አልፋ ግቢውን አቋረጠች፤ አጥሩ ዘንድ ደርሳ ነው የከፈተችው።

አብዱልሰመድ በማግስቱ መናገር ሲችል፣ ፍስሐ ከአልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። የመድናን መዳፍ ገልብጦ አሳየው። መካከሉ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቀይ እብጠት ነበረች።

«ያው ንብ፣ ያው መርዝ ነው» አለ። «እሳቸውን ይቺን ታህል አሳበጠቻቸው። እርስዎን ልትገድል ነበር። እንግዲህ ጥፋቱ የመርዙ ብቻ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ፣ ዶክተር?»

«የሰውነትዎ። እርስዎ ሚሊሺያ ነበሩ፤ ዘብ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ሁላችንም ከቆዳችን ሥር፣ በጉሮሯችን፣ በሳንባችን ዘብ የቆሙ ደቃቅ ነገሮች አሉን። ሆዳቸው ጥይት የታጨቀ ነው። ጠላት ሳይመጣ አይተኩሱም። የእርስዎ ሰውነት ግን የንቡን መርዝ በክፉ ጠላትነት መዝግቦታል፤ መርዙን ለይቶ የሚያውቅ ቃታ ሠርቶ እያንዳንዱ ዘብ ላይ ገጥሟል። መርዙ ቃታውን ሲነካው አንዱ ዘብ ብቻ አይደለም የሚተኩሰው። ከእግር እስከ ራስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይተኩሳል። የሚተኩሱትም በገዛ ቤታቸው ላይ ነው። የደም ሥር ይላላና ውሃ ያፈስሳል፤ ፊት የሚያብጠው ለዚህ ነው። ደሙ በየቦታው ሲቀር ልብ የሚገፋው ያጣል፤ ሰውም ይወድቃል። የአየር ቧንቧ ይጨመቃል። የወጋሁዎት መድኃኒት የላላውን አጠበበ፣ የጠበበውን ከፈተ።»

አብዱልሰመድ የግራ እጁን አንጓ ገልብጦ አየ። «ሠላሳ ዓመት ሲነድፉኝ ምንም አልሆንኩም» አለ።

«ሁልጊዜ ሲነደፉ ሰውነትዎ ሌላ ዓይነት ጠባቂም ነበረው። መርዙን ቃታው ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ የሚይዝ። ሦስት ዓመት ሥራ ሲያጣ ያ ጠባቂ ሳስቶ ይሆናል። ቃታው ግን ቀረ። መጽሐፉ ላይ እንዲህ አንብቤያለሁ፤ ሙሉውን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።»

«እንግዲያ ሰውነቴ ረስቷቸዋል ያልኩት ልክ ነበር?»

«የረሳው መታገሱን ነው። እነሱንማ አልረሳም። ላስታውሰው ባሉ ቁጥር ይብሳል። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃ።»

አብዱልሰመድ ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ። የሚቀጥለውን ለመናገር አፍሮ ነበር። «ገና ሳልወድቅ፣ ገና ሳላብጥ… ፈራሁ። ጦር ሜዳ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ሞት በስሜ እንደጠራኝ አወቅሁ።»

«እሱም ተጽፏል» አለ ፍስሐ። «ከሽፍታውና ከፉጨቱ ጋር በአንድ መስመር ላይ። ብዙዎቹ በሽተኞች ሊሞቱ እንደሆነ ቀድመው ይሰማቸዋል። ደፋርና ፈሪ አይመርጥም። ለወደፊቱ ያ ነገር ሲመጣብዎ አይፈሩበት፤ ይሩጡበት። ወደዚህ።»

ይህ ቃል ጥቂት አሳረፈው። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የመጣው ፍርሃት በየትኛውም መጽሐፍ መስመር ላይ ያልተጻፈ፣ የራሱ ፍርሃት ነበር።

ግንቦት ላይ የገበሬ ማህበሩ ስብሰባ ተጠራ። ከአውራጃ እንግዶች ሊመጡ ነውና ከትልቁ ቀረሮ ላይ ማር ይውረድ ተባለ። ያን ዛፍ ከአብዱልሰመድ በቀር ደፍሮ የወጣ የለም።

«ጓድ አብዱልሰመድ፣ ነገ» አለ ሊቀመንበሩ።

አብዱልሰመድ ከቤት ሲወጣ እግሬን አሞኛል ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ትንሽም ሲያነክስ መጥቷል።

«አልችልም» አለ።

«ምን ማለት ነው አልችልም? ታንክ ፊት የቆምክ ሰው! ንብ ነው እንዴ የምትፈራው?»

ስብሰባው ሳቀ። አብዱልሰመድ ተነሣ። ማነከሱን ረስቶት ነበር።

«አዎ፣ ፈርቻለሁ» አለ። «ታንኩ ሲመጣ የምንገባበት ጉድጓድ ነበረን። የሚተኩስብኝም ሌላ ሰው ነበር። ይሄኛው ከቆዳዬ ሥር ነው ያለው፤ ከሱ የምሸሸግበት ጉድጓድ የለኝም። እሰሩኝ፣ አልወጣም።»

ሳቁ ተቋረጠ። ሊቀመንበሩ እርሳሱን አገላበጠ። ያኔ ከኋላ አራት ጣት ያለው እጅ ተነሣ።

«እኔ እወጣለሁ» አለ ዳባ። «የጎደለኝ የመተኮሻ ጣት ነው እንጂ የመቆናጠጫው አይደለም። ብወድቅ ግን ማሩን እንግዶቹ መሬት ላይ ይልሱታል።»

ሰው እንደገና ሳቀ፤ አሁን የሳቀው ግን በዳባ ቀልድ ነበር። ቀፎዎቹም ከዚያ ቀን ጀምሮ የዳባ ሆኑ።

አብዱልሰመድ ዛሬም የቡና አበባ ሲፈነዳ በሩን ዘግቶ ይውላል። ሽታው በበሩ ሥር ይገባል፤ ጉምጉምታውም አብሮ። መድና በየጠዋቱ ልብሱን ደጅ አውጥታ ታራግፋለች፣ አንገትጌውን ትገለብጣለች፣ ጫማውን ትመታለች፤ ከዚያ ትሰጠዋለች። አንዳንዴ እሳት ልትለኩስ ክብሪቱን ስታነሣ እንጨቶቹ ሳጥኑ ውስጥ ይንኳኳሉ። ያኔ የአብዱልሰመድ እጅ ሳያዘው ወደ ደረት ኪሱ ይሄዳል። ኪሱ ግን የለም። ከክሊኒክ በተመለሱ ማግስት መድና መርፌና ምላጭ ይዛ ተቀምጣ ከሸሚዞቹ ሁሉ ላይ የደረት ኪሱን ፈትታ አውጥታዋለች።